ጋራዥ ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን ሚዛን ላይ ሲወጣ

አውሮፕላን እየሠራሁ መሆኑን የሰሙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ሞተሩን። "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" ይሉኛል። ስለ ሚዛኑ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። እኔ ግን ለሌላ ሠሪ አንድ ነገር ብቻ አስረዳ ብባል የምመርጠው ሚዛኑን ነው። በተለይ አውሮፕላኑ ባለ ጅራት ጎማ ከሆነ።

የኔ አርቪ-8 ነው። ኪቱን፣ ማለትም ሠሪው የሚገጣጥመውን የክፍሎች ስብስብ፣ የሚያመርተው አሜሪካ ኦሪገን ያለው ቫንስ ኤርክራፍት ነው። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ይቀመጥበታል። ዋና ጎማ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ከፊት ናቸው። አንዲት ትንሽ ጎማ ደግሞ ጅራቱ ሥር አለች። የዕቃ ቦታውም ሁለት ነው። አንደኛው ከአብራሪው ፊት፣ በመሣሪያ ሰሌዳውና ከሞተሩ በሚለየው ግድግዳ መካከል ነው። ሌላው ከኋለኛው ወንበር ጀርባ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በአሜሪካ ሕግ አንድ አውሮፕላን "አማተር የሠራው" ተብሎ እንዲመዘገብ ከግማሽ በላይ የሆነው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሚሠሩ ሰዎች መሠራት አለበት። ነፃነቱ ደስ ይላል። ሞተሩን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ፕሮፔለሩን፣ ባትሪውን፣ የወንበሩን ስፖንጅ፣ ቀለሙን ሳይቀር ትመርጣላችሁ። ግን በዚሁ ምክንያት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት አውሮፕላኖች ሚዛናቸው አንድ አይሆንም። የጓደኛን ወረቀት ገልብጦ መብረር የለም። ቁጥሩ የሚገኘው ከራሳችሁ ወለል ላይ ነው።

ሥራዬን አብረውኝ የሚያዩልኝ አንድ አባት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው አገር ቤት ዲሲ-3 የሚባለው አውሮፕላን ጥገና ላይ ሠርተዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የበረረው የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት በሆነው በሲ-47 ነበር። እሱም ጅራቱን መሬት ላይ አሳርፎ የሚቆም ነው። ስለዚህ ጋሼ የኔን ትንሽ ማሽን ገና ሲያዩት "ይሄ የማውቀው ዘር ነው" አሉ። ቀጥለውም "የት ላይ ነው የሚመዝነው?" ብለው ጠየቁኝ። ስንት ይመዝናል አላሉም።

ጥያቄው እሱ ነው። አውሮፕላኑን በአንድ ገመድ ብናንጠለጥለው ሳያዘነብል የሚቆምበት ቦታ አለ። የስበት ማዕከሉ እዚያ ነው። ይህ ነጥብ የሚለካው ዳተም ከሚባል መነሻ መስመር ነው። በአርቪ-8 ዳተሙ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 70 ኢንች ቀድሞ ያለ፣ በሐሳብ የተሰመረ መስመር ነው። አምራቹ የስበት ማዕከሉ ከ78.7 እስከ 86.82 ኢንች ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል። ልዩነቱ 8.12 ኢንች ብቻ ነው። በሴንቲ ሜትር 20 ከምናምን። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰው፣ ነዳጁ፣ ሻንጣው፣ ሁሉም ተጭኖ ነጥቡ ከዚያች ስንዝር መውጣት የለበትም።

ወደ ፊት ከወጣ አፍንጫው ይከብዳል። ስታርፉ ስቲኩን (አፍንጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የመሪ ዘንግ) እስከ መጨረሻ ስባችሁም ጅራቱ አልወርድ ሊል ይችላል። ባለ ጅራት ጎማ ላይ ደግሞ ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ከያዛችሁ በአፍንጫው ሊደፋ ይችላል። ፕሮፔለሩ አስፋልት ነካ ማለት ሞተሩ ይፈታል ማለት ነው።

ወደ ኋላ ከወጣ ግን የባሰ ነው። ስቲኩ ይቀላል። ቀላል ሲሆን ደግሞ ደስ ስለሚል ያታልላል። አፍንጫው አንድ ጊዜ ከተነሣ በራሱ የመመለስ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ስፒን፣ ማለትም እየተሽከረከሩ መውደቅ፣ ውስጥ ከገባ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። መሬት ላይም ሌላ ጣጣ አለ። ባለ ጅራት ጎማ አውሮፕላን የስበት ማዕከሉ ከዋና ጎማዎቹ ኋላ ነው። ጭነቱ ከኋላ የሆነ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ሲጣመም እንደሚሆነው፣ ትንሽ ከተጠማዘዘ የኋላው ክብደት ፊቱን ቀድሞ ሊሄድ ይፈልጋል። ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ይህ ነው። ባለ አፍንጫ ጎማው ክብደቱ ከዋና ጎማዎቹ ፊት ስለሆነ ራሱን ያቀናል። የኛው ግን እግራችን ፔዳሉ ላይ ካልነቃ አይምረንም። ክብደቱ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ደግሞ የመዞር ፍላጎቱ ይጨምራል።

አሁን ወደ መመዘኑ። እዚህ ላይ ዘርዘር ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሚዛኖቹን የተዋስነው እ.ኤ.አ. በ1953 ሚልዋኪ ላይ ከተመሠረተው የሠሪዎች ማኅበር፣ ከኢኤኤ፣ የአካባቢያችን ቅርንጫፍ ነው። ለእሽቅድምድም መኪና የሚያገለግሉ ጠፍጣፋ ሚዛኖች ናቸው። ከመጀመራችን በፊት ጋሼ እያንዳንዳችን በየሚዛኑ ላይ እንድንቆም አደረጉን። የአንድ ሰው ክብደት በሁሉም ላይ አንድ ካልሆነ ሚዛኑ አይታመንም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነውና አትዝለሉት።

አውሮፕላኑ የሚመዘነው ለመብረር ዝግጁ ሆኖ ነው። ወንበሮቹ ገብተው፣ የጎማ ሽፋኖቹ ታስረው፣ ዘይቱ ሞልቶ። ነዳጁ ከታንኩ ተቀድቶ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ የማይወጣው ጥቂት ብቻ ይቀራል። ውስጡ የተረሳ መፍቻ፣ ጨርቅ፣ የውሃ ጠርሙስ ይወጣል። የኮክፒቱ መስታወት ይዘጋል። የሃንጋሩም በር ይዘጋል። ክንፍ ለነፋስ የተሠራ ነገር ነው። በበር የሚገባ ትንሽ ነፋስ ሚዛኑን ያወዛውዘዋል።

ባለ ጅራት ጎማ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጅራቱን ማንሣት ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንደ ቆመ ከተመዘነ ቁጥሩ ውሸት ነው። አካሉ ወደ ኋላ ስላዘነበለ፣ ከጎማዎቹ በላይ ያለው ክብደት ወደ ጅራቱ ይጠጋል፤ የጅራቱ ሚዛንም ከእውነተኛው በላይ ያነባል። ስለዚህ ጅራቱ በማቆሚያ ላይ ከፍ ብሎ፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ በሚሄድበት አቋም መቆም አለበት። ውሃ ልኩን የኮክፒቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥነው። ጅራቱን በትንሽ በትንሹ ከፍ ዝቅ አድርገን አረፋዋ መሃል ስትገባ አቆምን። ቀጥሎ በክንፎቹ አቅጣጫም ግራ ቀኙን አየን። ማቆሚያው ራሱ ክብደት አለው፤ ለብቻው ተመዝኖ ከጅራቱ ንባብ ይቀነሳል።

ሌላም አለ። የአርቪ-8 የፊት እግሮች እንደ ስፕሪንግ የሚተጣጠፉ ናቸው። ክብደት ሲያርፍባቸው ወደ ጎን ይከፈታሉ። ጎማው ሚዛኑን ይዞ እንዲጓተት ከተተወ ንባቡ ይዛባል። እኛ በየጎማው ሥር ሁለት ሁለት የአሉሚኒየም ሳህን አነባብረን መካከላቸውን ግራሶ ቀባን። እግሩ እንደ ልቡ ተንሸራቶ ቦታውን ያዘ። ፍሬን አልያዝንም፤ ፍሬን ራሱ ጎን ለጎን ጭነት ይፈጥራል። ጎማው እንዳይንከባለል ትንሽ ታኮ ይበቃል።

ርቀቱን ለመለካት የግንበኛ ቱንቢ ያስፈልጋችኋል። ከክንፉ የፊት ጠርዝ፣ ከየዋናው ጎማ መሃል፣ ከጅራቱ ጎማ መሃል ቱንቢ አውርዳችሁ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የአርቪ-8 ክንፍ የፊት ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይህ ይቀላል። ከዚያ አውሮፕላኑን ረስታችሁ ወለሉን ትለካላችሁ። ከፕላን ላይ የተነበበ ርቀት አትጠቀሙ። የራሳችሁ እግር የራሳችሁን ክብደት ተሸክሞ የት እንደቆመ ፕላኑ አያውቅም።

የኔ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ለማስላት እንዲቀል ክፍልፋዩን ቆርጬዋለሁ። ግራ 521 ፓውንድ፣ ቀኝ 519፣ ጅራት 62። ድምሩ 1,102። ዋና ጎማዎቹ ከዳተሙ 69 ኢንች፣ የጅራቱ ጎማ 254 ኢንች ላይ ናቸው። ክብደት በርቀት ሲባዛ ሞመንት ይባላል። 1,040 በ69 ሲባዛ 71,760። 62 በ254 ሲባዛ 15,748። ድምሩ 87,508። ይህ ለ1,102 ሲካፈል 79.41 ኢንች ይመጣል። የባዶው አውሮፕላን የስበት ማዕከል ይህ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዋና ጎማው ሚዛን 3 ፓውንድ ቢሳሳት የስበት ማዕከሉ የሚንቀሳቀሰው 0.03 ኢንች ገደማ ነው። ምንም አይደለም። የጅራቱ ሚዛን በዚያው 3 ፓውንድ ቢሳሳት ግን ግማሽ ኢንች ያህል ይሄዳል። ከጠቅላላው 8 ኢንች ውስጥ ግማሹን ኢንች በአንድ ንባብ ታጣላችሁ። ምክንያቱ ርቀቱ ነው፤ ጅራቱ ሩቅ ስለሆነ እያንዳንዷ ፓውንድ በ254 ትባዛለች። ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር ስለሚያይ ለፊት ጎማዎቹ ይጨነቃል። እኔ የምመክረው ለጅራቱ ለብቻው በትንሽ ክብደት ላይ ትክክል የሚያነብ ሚዛን እንድትፈልጉ ነው። ከዚያም አውሮፕላኑን አውርዳችሁ እንደገና ጫኑት። ንባቡ ካልተደገመ ምክንያቱን ሳታገኙ ወደ ሂሳብ አትግቡ።

ባዶው ቁጥር ከተገኘ በኋላ ጭነቱን በወረቀት ላይ መጫን ይመጣል። የኔ ሰንጠረዥ ላይ አብራሪው 91.8 ኢንች ላይ ነው። ተሳፋሪው 119፣ ነዳጁ 80፣ የፊተኛው ሻንጣ 58.5፣ የኋለኛው 138።

ብቻዬን ሙሉ ነዳጅ ይዤ ስሆን 80.96 ይመጣል። ምንም አያሳስብም።

ሁለት ሰው እንሁን። እያንዳንዳችን 180 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 82 ኪሎ። ሙሉ ነዳጅ 42 ጋሎን፤ በጋሎን 6 ፓውንድ ሲታሰብ 252። ከኋላ 40 ፓውንድ ሻንጣ። የሐበሻ ዘመድ ቤት ውሎ የሚመለስ ሰው ሻንጣው 40 ፓውንድ ቢሞላ አይገርምም፤ በርበሬውም ሽሮውም ይቋጠርለታል። ድምሩ 1,754 ፓውንድ ነው፤ ከተፈቀደው 1,800 በታች። የስበት ማዕከሉ 86.16። እሱም ክልሉ ውስጥ ነው። ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ብዙ ሰው ሂሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል።

እንቀጥል። በረራው ላይ ነዳጁ አልቆ 5 ጋሎን ቀረ እንበል። ነዳጁ ያለው 80 ላይ ነው፤ ከተጫነው አውሮፕላን የስበት ማዕከል ፊት ማለት ነው። ከፊት ያለ ክብደት ሲቀንስ ነጥቡ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስናሰላው 87.06 ይመጣል። ገደቡ 86.82 ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሕጋዊ ነበር፤ ሲያርፍ ከክልሉ ወጥቷል። ያውም እግር በሚፈተንበት፣ ጅራቱ ሊዞር በሚፈልግበት ሰዓት ላይ። ስለዚህ እኔ ሂሳቡን የምጀምረው ከማረፊያው ነው። ታንኩ ባዶ ሆኖ ክልሉ ውስጥ ከሆነ፣ ለኋለኛው ገደብ ሙሉው አያሳስበኝም።

መፍትሔው አንዳንዴ በጣም ቀላል ነው። ያንኑ 40 ፓውንድ ሻንጣ ከኋላ አንሥታችሁ ፊት አስቀምጡት። በ5 ጋሎን 87.06 የነበረው 84.98 ይሆናል። ያው ሻንጣ፣ ያው ሰው፣ ያው አውሮፕላን። ፊተኛው ቦታ እስከ 50 ፓውንድ ይይዛል።

የኋለኛው ቦታ እስከ 75 ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ሰውን ያሳስታል። ወለሉ 75 ይሸከማል ማለት እንጂ ሚዛኑ ይፈቅዳል ማለት አይደለም። በኔ ማሽን 180 ፓውንድ ተሳፋሪ ተቀምጦ ታንኩ ባዶ ቢሆን፣ ከኋላ የሚፈቀደው 28 ፓውንድ ብቻ ነው። ተሳፋሪው 220 ከሆነ፣ ማለትም 100 ኪሎ ሰው፣ ወደ 3 ፓውንድ ይወርዳል። አንድ ጃኬት ነው እንግዲህ።

የሰውን ኪሎ መጠየቅ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እኔ ሃንጋር ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አስቀምጫለሁ። እንግዳዬን ከነጫማው ከነካፖርቱ አቆመዋለሁ። እኔም አብሬ እቆማለሁ፤ ያኔ ማንም አይከፋውም። ከኛ ሰው ጋር ስትበሩ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አድርጉ። እኛ በኪሎ ነው የምናስበው፤ ሰንጠረዡ ደግሞ በፓውንድ ነው። "ሰማንያ ነኝ" ያላችሁን ሰው 80 ፓውንድ ብላችሁ እንዳትጽፉ። በ2.2 አባዙት።

ገና እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ስለ ባትሪው አትቸኩሉ። ባትሪ ከከባድ ዕቃዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ ቦታው ሊቀየር የሚችል ነው። 16 ፓውንድ ባትሪ በ100 ኢንች ወደ ኋላ ቢወሰድ ሞመንቱ በ1,600 ይጨምራል። ለ1,102 ሲካፈል 1.45 ኢንች ይሆናል። ከባድ ሞተርና ከባድ ፕሮፔለር ያለው ሠሪ ባትሪውን ወደ ኋላ መውሰዱ ይጠቅመዋል። ቀላል ፕሮፔለር የመረጠ ሠሪ ግን የሞተሩ ግድግዳ ላይ ቢያስረው ይሻለዋል። ጋሼ "ሥራ የሌለው የእርሳስ ብረት ለሚዛን ብለህ ከመጫንህ በፊት የሚሠራውን ዕቃ አንቀሳቅስ" ይሉኝ ነበር። እኔም ሞተሩና ፕሮፔለሩ ገብተው በግምት እስክንመዝን ድረስ የባትሪውን ሳጥን አልበሳሁም።

አውሮፕላኑን ለበረራ ፈቃድ የሚያየው መርማሪ የሚዛኑን ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱም ከአውሮፕላኑ ጋር ይኖራል። ከዚያ የሙከራ በረራ ይመጣል። እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት በተለምዶ 25 ወይም 40 ሰዓት ነው፤ ተሳፋሪ አይጫንም። ብዙ ሠሪ ይህን ሰዓት ብቻውን በቀላል ጭነት እየዞረ ይጨርሰዋል። ያኔ ከኋላ ጓደኛውን ጭኖ የሚበርበት የመጀመሪያ ቀን፣ አውሮፕላኑ በዚያ ሚዛን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበርበት ቀን ይሆናል። ይህን አልወደውም። ጓደኛችሁ የሙከራ ዕቃ አይደለም።

እኔ ለውሃ ማለስለሻ የሚሸጠውን 40 ፓውንድ የጨው ከረጢት ተጠቀምኩ። ኋለኛው ወንበር ላይ መጀመሪያ አንድ፣ በሌላ በረራ ሁለት፣ እያልኩ ጨመርኩ። ከረጢቶቹ በወንበሩ ቀበቶ በደንብ ይታሰራሉ። የኋለኛው ስቲክ ግን መጀመሪያ ይነቀላል። አንድ ከረጢት ተንሸራቶ ስቲክ ላይ ከተደገፈ ምንም ሂሳብ አያድናችሁም። በየደረጃው ከፍታ ይዤ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መያዝ የሚያቅተውን ሁኔታ) ሞከርኩ፣ ፍጥነት ቀይሬ አፍንጫው በራሱ ይመለስ እንደሆነ አየሁ፣ ከዚያ አረፍኩ። ልዩነቱ ይሰማል። ብቻዬን ስሆን ጅራቱን ለማውረድ ስቲኩን ጠንከር አድርጌ እስባለሁ። ከኋላ ሲከብድ ሁለት ጣት ይበቃል። መሬት ከነካሁ በኋላ ግን እግሬ ሥራው ይበዛበታል። ይህን ከጨው ጋር መማር ይሻላል።

ቀለምን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። እኔ መጀመሪያ የበረርኩት በላሜራው ሳይቀባ ነው። ከተቀባ በኋላ ጅራቱን አንሥተን፣ ቱንቢ አውርደን፣ ሁሉንም እንደገና መዘንነው። 22 ፓውንድ ጨምሯል። ከአካሉና ከጅራቱ ብዙው ገጽ ከክንፉ ኋላ ስለሆነ ቀለሙ ወደ ኋላ ይጎትታል። የስበት ማዕከሉ ከ79.41 ወደ 80 መጣ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ180 ፓውንድ ተሳፋሪ ከኋላ የሚፈቀደው ሻንጣ ከ28 ወደ 19 ፓውንድ ወረደ። ከኋለኛው የዕቃ ቦታ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ልጠን 19 ብለን ጻፍን። ለ100 ኪሎ እንግዳ ደግሞ ከኋላ ምንም አይጫንም፤ ፊተኛው ቦታ 30 ፓውንድ ይታሰርበታል። በዚያን ቀን ሙሉ ነዳጅ ከያዝን ድምሩ 1,806 ስለሚሆን አንድ ጋሎን ቀንሰን እንነሣለን።